የአምፑል ምርጫና የመብራት ቁጠባ

(በሬዲዮ ከተሰጡት ንግግሮች የተወሰደ)



ዛሬ ልነግራችሁ ያሰብሁት በየቤታችሁና በየመሥሪያ ቤታችሁ ከራሳችሁ በላይ ተንጠልጥሎ ስለሚገኝ አንድ ትንሽ ዕቃ ነው፤ ይኸውም አምፑል ነው። ዕቃው ትንሽ በመሆኑ ብዙ ሰው አስቦበት አይገዛውም። የነበረው ሲቃጠል ወደ ሱቅ ጎራ ይላል፤ ዋጋው ዝቅ ያለውን ይመርጣል፤ ወደ ቤቱ ወስዶ ይሰቅለዋል፤ ከዚያም እስኪቃጠል ድረስ ይረሳዋል። ነገር ግን ከወር ደመወዙ ላይ ለመብራት የሚከፍለው ገንዘብ አንዱ ክፍል የሚወሰነው በሱቁ ደጃፍ በቆመባት በዚያች አጭር ደቂቃ ነው። ስለዚህ ነገሩን ጥቂት ብናሰላስለው ጊዜያችንን በከንቱ አጠፋን የሚያሰኝ አይሆንም።

ንግግሬን በተለይ ጥንት አገው ምድር እየተባለ ከሚጠራው ከዛሬው የአዊ ዞን ጋር፣ ይልቁንም ከእንጅባራና ከዳንግላ ከተሞች ጋር አያይዤ ለማቅረብ ወድጃለሁ። ይህንም ያደረግሁበት ምክንያት አለኝ። አንደኛ፣ እንጅባራ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,500 ሜትር ከፍታ የሚያልፍ፣ ደመናውና ዝናቡ የበዛበት፣ ሌሊቱ የሚቀዘቅዝ ደጋ ስለ ሆነ፣ የአምፑሎች ጠባይ ልዩነት በግልጥ የሚታይበት ቦታ ነው። ሁለተኛ፣ ይህ አገር በሁለት ታላላቅ የኤሌክትሪክ ሥራዎች አጠገብ ይገኛል። በግንቦት ወር 2002 ዓ.ም. የተመረቀው የጣና በለስ ማመንጫ 460 ሜጋ ዋት ኃይል እንዲሰጥ ሆኖ የተሠራ ሲሆን፣ ከጣና ሐይቅ የተጠለፈው ውሃ ተርባይኖቹን ካዞረ በኋላ በበለስ ወንዝ አድርጎ ወደ ጃዊ ቆላ ይወርዳል። ከእንጅባራ ተነሥቶ በቻግኒ በኩል ወደ ጉባ የሚወስደው መንገድ ደግሞ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ወደ ተመረቀው ወደ ታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ ያደርሳል።

እንግዲህ እንዲህ ባለ አገር የሚኖር ሰው፣ «ይህን ያህል ኃይል ከደጃችን እየመነጨ ስለ አንዲት አምፑል መጨነቅ ምን ያደርጋል?» ብሎ ቢጠይቅ አይፈረድበትም። ለዚህ ጥያቄ መልስ ለመስጠት ግን በመጀመሪያ አምፑል ምን እንደሚበላና ምን እንደሚሰጥ ማወቅ ያስፈልጋል።

በአምፑል ላይ ሁልጊዜ ተጽፎ የምናገኘው ዋት የሚባለው ቁጥር ነው። ብዙ ሰው ይህን ቁጥር የብርሃን መጠን አድርጎ ይመለከተዋል፤ «የስድሳ ስጠኝ፣ የመቶ ስጠኝ» እያለም ይገዛል። ዋት ግን አምፑሉ የሚበላውን ኃይል እንጂ የሚሰጠውን ብርሃን አይለካም። የብርሃኑ መለኪያ ሌላ ነው፤ ስሙም ሉመን ይባላል። ነገሩን በቤታችን ምሳሌ ብናየው፣ ዋት ማለት ወደ ቡሐቃው የገባው ዱቄት ነው፤ ሉመን ማለት ከምጣዱ ላይ የወጣው እንጀራ ነው። ሁለት ሴቶች እኩል ዱቄት ይዘው አንዷ አርባ እንጀራ ብታወጣ፣ ሌላዋ አምስት ብቻ ብታወጣ፣ የዱቄቱን ልክ ብቻ በማየት ማንኛዋ ባለሙያ እንደ ሆነች ማወቅ አይቻልም። ስለዚህ የአንድ አምፑል ሙያ የሚታወቀው ለአንድ ዋት ስንት ሉመን ይሰጣል ተብሎ ሲጠየቅ ነው።

አንድ ሻማ የሚሰጠው ብርሃን ወደ 12 ሉመን ይሆናል። በላምባ የሚነደው ኩራዝም ከዚህ ብዙ አይርቅም። አባቶቻችን ዳዊት የደገሙት፣ ተማሪዎቻችንም ለብዙ ዘመን ትምህርታቸውን ያጠኑት በዚህ መጠን ባለው ብርሃን ነው። ባለ 60 ዋቱ ተራ አምፑል ግን 700 ሉመን ያህል ይሰጣል፤ ይህም ከሃምሳ ሻማ በላይ ማለት ነው። በአገራችን የኤሌክትሪክ መብራት የታየው በዳግማዊ አፄ ምኒልክ ዘመን፣ በ1890 ዓ.ም. ገደማ፣ ቤተ መንግሥቱን ለማብራት በመጣው ማመንጫ ነው ይባላል። ሕዝቡ በዚያ ብርሃን መደነቁ የማይገርም ነው፤ ድንቅ መሆኑም አልቀረም። ዳሩ ግን ድንቅ የሆነ ነገር ሁሉ ቆጣቢ አይደለም።

አሁን ዓይነቶቹን በየተራ እንመልከት።

የመጀመሪያው ባለ ሽቦው ተራ አምፑል ነው። በውስጡ ያለችው ቀጭን የተንግስተን ሽቦ ኤሌክትሪክ ሲያልፍባት ወደ 2,400 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ትግልና ታበራለች። እንግዲህ ይህ አምፑል በጠባዩ ምድጃ ነው፤ ብርሃኑ የሙቀቱ ትርፍ ነው። ከሚበላው ኃይል በዓይን ወደሚታይ ብርሃን የሚለወጠው ከመቶ አምስት እጅ ያህል ሲሆን የቀረው ሁሉ ሙቀት ሆኖ ይጠፋል። ለአንድ ዋት የሚሰጠው 12 ሉመን ገደማ ነው፤ ዕድሜውም 1,000 ሰዓት ያህል ነው። ስለ ዕድሜው አንድ የታሪክ ነገር ልጨምር። እ.ኤ.አ. በ1924 የዓለም ታላላቅ አምፑል ሠሪ ኩባንያዎች በጄኔቫ ተስማምተው ፌቡስ የሚባል ማኅበር አቋቋሙ። ማኅበሩም የአምፑል ዕድሜ ከ1,000 ሰዓት እንዳያልፍ ወስኖ፣ ከዚህ በላይ የሚቆይ አምፑል የሠራውን አባል በገንዘብ ይቀጣ ነበር። ኩባንያዎቹ ረዥም ዕድሜ የሚያሳድደው አምፑል ብርሃኑ ደካማ ነው ብለው ተከራክረዋል፤ ክርክሩም ከእውነት የራቀ አይደለም፤ ነገር ግን ብዙ አምፑል መሸጥም ፈልገው እንደ ነበር የሚካድ አይደለም።

ሁለተኛው ሃሎጅን የሚባለው ነው። እርሱም በሽቦ የሚሠራ ሆኖ፣ በውስጡ በተጨመረው ጋዝ ምክንያት ሽቦው ይበልጥ እንዲግል ስለሚያስችል ለአንድ ዋት ከ15 እስከ 20 ሉመን ይሰጣል። የተራው አምፑል ታናሽ ወንድም ነው፤ ከቤተሰቡ ጠባይ ብዙ አልራቀም።

ሦስተኛው በየመሥሪያ ቤታችን ጣራ ላይ የምናየው ረዥሙ ቱቦ፣ ማለት ፍሎረሰንት ነው። ለገበያ የቀረበው እ.ኤ.አ. በ1938 ነው። በዚህ ውስጥ የሚግል ሽቦ ሳይሆን ጥቂት የሜርኩሪ ተን አለ። ኤሌክትሪኩ ተኑን ሲያነቃቃው በዓይን የማይታይ ጨረር ይወጣል፤ ይህም ጨረር በመስታወቱ ውስጥ የተቀባውን ነጭ ዱቄት ሲመታው ዱቄቱ ያበራል። ለአንድ ዋት ከ60 እስከ 90 ሉመን ይሰጣል። ከዚህ ቱቦ ተጠምዝዞና ታጥፎ በተራው አምፑል ቦታ እንዲገባ ሆኖ የተሠራው ደግሞ እኛ ቆጣቢ አምፑል የምንለው ነው። እርሱም ለአንድ ዋት ከ50 እስከ 65 ሉመን ይሰጣል፤ ከ6,000 እስከ 10,000 ሰዓትም ይቆያል።

አራተኛውና የመጨረሻው ኤል ኢ ዲ የሚባለው ነው። ይህ ሽቦም ተንም የለውም። ብርሃን የሚሰጠው ከሩዝ ፍሬ የምታንስ፣ ከፊል ኤሌክትሪክ አስተላላፊ ከሆነ ማዕድን የተሠራች ቅንጣት ናት። ቀዩ እ.ኤ.አ. በ1962 ተሠርቶ ነበር፤ ነገር ግን ሰማያዊው ስላልተገኘ ነጭ ብርሃን ማውጣት ሳይቻል ሠላሳ ዓመት ያህል አለፈ። ሰማያዊውን ያስገኙት ኢሳሙ አካሳኪ፣ ሂሮሺ አማኖና ሹጂ ናካሙራ ናቸው፤ ስለዚህም ሥራቸው እ.ኤ.አ. በ2014 የፊዚክስ ኖቤል ሽልማት ተሰጣቸው። ዛሬ በየሱቁ የሚሸጠው ኤል ኢ ዲ ለአንድ ዋት ከ80 እስከ 100 ሉመን ይሰጣል፤ የተሻለው ከዚህም ያልፋል። በደንብ የተሠራው ከ15,000 ሰዓት በላይ ያገለግላል።

እነዚህን ቁጥሮች በአንድ ላይ ብናስቀምጣቸው ነገሩ ይበልጥ ይብራራል። አንድ ቤት ለ15,000 ሰዓት ያህል ባለ 60 ዋቱን አምፑል የሚያህል ብርሃን ያስፈልገዋል እንበል። በተራው አምፑል የሆነ እንደ ሆነ አሥራ አምስት አምፑል ይገዛል፤ 900 ኪሎ ዋት ሰዓትም ይበላል። በባለ 13 ዋቱ ቆጣቢ አምፑል የሆነ እንደ ሆነ ሁለት አምፑል ገደማ ይበቃዋል፤ የሚበላውም 195 ኪሎ ዋት ሰዓት ነው። በባለ 9 ዋቱ ኤል ኢ ዲ የሆነ እንደ ሆነ አንድ አምፑል ይበቃል፤ የሚበላውም 135 ኪሎ ዋት ሰዓት ብቻ ነው።

ከዚህ ሂሳብ ሁለት ነገር እንማራለን። የመጀመሪያው፣ ተራው አምፑል ሲገዙት ርካሽ፣ ሲያኖሩት ግን ከሁሉ የሚከብድ መሆኑ ነው። ሁለተኛው ብዙ ጊዜ የማይታሰብ ነው። ከተራው አምፑል ወደ ቆጣቢው ስንሸጋገር 705 ኪሎ ዋት ሰዓት ይተርፈናል፤ ከቆጣቢው ወደ ኤል ኢ ዲ ስንሸጋገር ግን የሚተርፈን 60 ብቻ ነው። ስለዚህ በቤቱ ደህና የሚሠራ ቆጣቢ አምፑል ያለው ሰው ኤል ኢ ዲ መጣ ብሎ ነቅሎ መጣል አያስፈልገውም፤ እስኪያልቅ ይጠቀምበት፤ ሲያልቅ ይለውጠው። በቤቱ ባለ ሽቦ አምፑል የቀረው ሰው ግን ነገ ሳይል ዛሬውኑ ቢለውጥ ይጠቀማል። ለመለወጥም ብዙ ሰዓት ከሚበራው ክፍል ይጀምር። በቀን አሥር ደቂቃ ብቻ የሚበራ የዕቃ ቤት አምፑል ባለ 60 ዋት እንኳ ቢሆን በወር አንድ ሦስተኛ ኪሎ ዋት ሰዓት አይሞላም፤ ለእርሱ መቸኮል አያስፈልግም።

ወደ መንግሥት ሠራተኛው ቤት እንግባ። አምስት ባለ 60 ዋት አምፑሎች ያሉት፣ በየማታው ለአራት ሰዓት የሚያበራ ቤት በወር 36 ኪሎ ዋት ሰዓት ለመብራት ብቻ ያወጣል። አምስቱም ባለ 9 ዋት ኤል ኢ ዲ ቢሆኑ በወር 5 ኪሎ ዋት ሰዓት ከግማሽ የማይሞላ ያወጣል። ልዩነቱ ከ30 ኪሎ ዋት ሰዓት በላይ ነው። የአገራችን የቤት ታሪፍ ደግሞ ፍጆታው ከደረጃ ወደ ደረጃ በወጣ ቁጥር የአንዱን ኪሎ ዋት ሰዓት ዋጋ ከፍ እያደረገ የሚሄድ ነው። ታሪፉ በ2011 ዓ.ም. ተሻሽሎ፣ ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ በየሦስት ወሩ ጥቂት በጥቂት እንዲያድግ ተወስኗል። እንግዲህ እነዚያ 30 ኪሎ ዋት ሰዓቶች ቤቱን ከዝቅተኛው ደረጃ ወደ ሚቀጥለው የሚያሻግሩት ሊሆኑ ይችላሉ። ደመወዝተኛ ሰው ገቢውን በገዛ እጁ ሊጨምር አይችልም፤ ወጪውን ግን በገዛ እጁ ሊቀንስ ይችላል።

እዚህ ላይ ግን እውነቱን ደባብቀን የአምፑልን ነገር ከልኩ በላይ ማጋነን አይገባንም። በቤታችን ውስጥ ትልቁ በላተኛ አምፑል ሳይሆን የእንጀራ ምጣድ ነው። የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3 እስከ 4 ኪሎ ዋት ይስባል፤ ይህም ከሃምሳ በላይ የሆኑ ባለ 60 ዋት አምፑሎች በአንድ ጊዜ በሩ ማለት ነው። ስለዚህ አምፑል ለውጦ የቆጣሪው ቁጥር ወዲያው ይቆማል ብሎ የሚጠብቅ ሰው ያዝናል። አምፑሉን መለወጥ ከሁሉ የቀለለው የቁጠባ በር ነው፤ ብቸኛው በር ግን አይደለም።

አሁን ወደ እንጅባራ ብርድና ወደ ኤሌክትሪኩ ጉልበት መዋዠቅ ልመለስ። በደጋ አገር የሚኖር ወገን፣ «የተራው አምፑል ሙቀት ቤቴን ያሞቅልኛልና ባከነ አትበሉኝ» ይል ይሆናል። አነጋገሩ ለጆሮ ደስ ይላል፤ ሲመረመር ግን አይጸናም። አንድ ሰው ዝም ብሎ በተቀመጠበት ወደ 100 ዋት የሚጠጋ ሙቀት ከሰውነቱ ያወጣል። ስለዚህ አንድ እንግዳ ወደ ቤት ቢገባ ከባለ 60 ዋቱ አምፑል ይልቅ ያሞቃል። ከዚህም በላይ የአምፑሉ ሙቀት ወደ ጣራው ስለሚወጣ ከታች ለተቀመጠው ሰው ብዙ አይደርሰውም። ለዚህ ብርድ ጋቢና ምድጃ ይሻላል። የተራው አምፑል ሙቀት በእውነት ሥራ የሚሠራበት ቦታ አንድ አለ፤ እርሱም ጫጩቶች የሚያድጉበት ሣጥን ነው። በዚያ ሙቀቱ የሚፈለግ ስለ ሆነ ብክነት አይባልም።

ቆጣቢው አምፑልና ቱቦው ደግሞ ብርድ አይወዱም። ተኑ እስኪሞቅ ድረስ ብርሃናቸው ደብዛዛ ሆኖ ይቆያል፤ ሙሉ ብርሃናቸውን የሚሰጡት ወደ 25 ዲግሪ በሚደርስ ሙቀት ውስጥ ነው። በእንጅባራ የነሐሴ ሌሊት ቱቦው እየተንቀጠቀጠ አልነሣም ሲል ያየ ሰው ምክንያቱን ከዚህ ይረዳል። ኤል ኢ ዲ ግን በብርድ ይበልጥ ይበረታል፤ ጠላቱ ሙቀት ነው። ስለዚህም ኤል ኢ ዲን አየር በማይገባበት ጥብቅ መስታወት ውስጥ ማፈን ዕድሜውን ማሳጠር ነው። ለደጋው አገር ከሁሉ የሚስማማው እርሱ ነው ማለት ይቻላል።

የኤሌክትሪኩም ጉልበት ነገር እንዲሁ ነው። በሕግ የሚጠበቀው 220 ቮልት ነው። ማታ ሰው ሁሉ ሲያበራ ግን፣ በተለይ በመስመሩ ጫፍ ባሉ ሰፈሮች፣ ጉልበቱ ይወርዳል። 180 ቮልት በደረሰ ጊዜ ተራው አምፑል ብርሃኑ በግማሽ ይቀንሳል፤ የሚበላው ኃይል ግን የሚቀንሰው በሩብ ያህል ብቻ ነው። እንግዲህ ባለቤቱ በቆጣሪው ሦስት እጅ እየከፈለ ሁለት እጅ ብርሃን ያገኛል ማለት ነው። የአንድ ቀን ሳይሆን የዘወትር ጉዳት ነው። በደንብ የተሠራ ኤል ኢ ዲ ግን ይህን መውጣትና መውረድ በውስጡ ባለው ትንሽ መሣሪያ አስተካክሎ ብርሃኑን ሳይለውጥ ያበራል። በርካሽ የተሠራው ይህ መሣሪያ የለውም፤ ይርገበገባል፤ ኃይሉ ተመልሶ ሲመጣም ቶሎ ይቃጠላል።

ከቤት ወጥተን ወደ አገር ስንሻገር ነገሩ ይበልጥ ይከብዳል። በ2001 ዓ.ም. በግድቦች ውሃ ማነስና በፍላጎት መብዛት ምክንያት መብራት በፈረቃ የተከፋፈለበትን ጊዜ ብዙዎቻችሁ ታስታውሳላችሁ። በዚያ ዘመን የነበረው የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል ኮርፖሬሽን በዓለም ባንክ እርዳታ አንድ ቀላል ሥራ ሠራ፤ ይኸውም ባለ ሽቦ አምፑሉን ነቅሎ ላመጣ ደንበኛ በምትኩ ቆጣቢ አምፑል በነጻ መስጠት ነው። በመጀመሪያው ዙር 350,000 አምፑሎች ታደሉ፤ ከዚያም በሚሊዮን የሚቆጠሩ ሌሎች ተከተሉ። ከመጀመሪያው ዙር ብቻ በማታው የጭንቅ ሰዓት 13 ሜጋ ዋት ያህል ተረፈ። ለእያንዳንዱ አምፑል ቢካፈል 40 ዋት አይሞላም፤ ሲደመር ግን የመንደር ነገር መሆኑ ቀረ። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የሚለው የአባቶቻችን ምሳሌ በዚህ ይፈጸማል። በጋናም እ.ኤ.አ. በ2007 ስድስት ሚሊዮን አምፑሎች እንዲሁ ተለውጠው ከ100 ሜጋ ዋት በላይ ተርፏል።

ይህን 13 ሜጋ ዋት በጎጃም ምድር ባለ ነገር እንመዝነው። በ1956 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የመጀመሪያው የጢስ ዓባይ ማመንጫ ጉልበቱ 11.4 ሜጋ ዋት ነው። እንግዲህ በየቤቱ ተራ አምፑል ፈትቶ ሌላ መስቀል፣ አንድ ቦይ ሳይቆፈር፣ አንድ ተርባይን ሳይተከል፣ ከጢስ ዓባይ የሚበልጥ ማመንጫ እንደ መሥራት ያህል ሆነ። በ1993 ዓ.ም. 73 ሜጋ ዋት ያለው ሁለተኛው ማመንጫ በተሠራ ጊዜ፣ የፏፏቴው ውሃ ወደ ማመንጫው እየተጠለፈ፣ ዓለም ሊያየው የሚመጣው ጢስ ምን ያህል እንደ ሳሳ የባሕር ዳር ሰው ሁሉ የሚያውቀው ነው። ኃይል ከየትም አይመጣም፤ ከአንድ ወንዝ፣ ከአንድ ፏፏቴ፣ ከአንድ መሬት ይወሰዳል። በከንቱ የሚነድ አምፑል ያንን ውሃ በከንቱ ያፈስሳል።

አሁን በመጀመሪያ ወዳነሣሁት ጥያቄ ልመለስ። 5,150 ሜጋ ዋት እንዲሰጥ የታቀደው የሕዳሴ ግድብ ተመርቆ ሳለ፣ ቁጠባ ለምን ያስፈልጋል? ምክንያቱ ሦስት ነው።

አንደኛ፣ ከአገራችን ሕዝብ ግማሽ የሚጠጋው ገና ኤሌክትሪክ የለውም። በአዊ ገጠር በእጅ ባትሪና በትንሽ የፀሐይ ፋኖስ የሚያመሽ ብዙ ቤት አለ። በክረምት ደመናው ፀሐዩን ሲጋርደው ፋኖሱም ይደክማል። ከተማው የሚቆጥበው ለዚህ ወገን የሚደርስ ድርሻ ነው። ሁለተኛ፣ የተረፈው ኃይል ወደ ጎረቤት አገሮች እየተሸጠ የውጭ ምንዛሪ ያስገኛል። ሦስተኛውና ለከተማ ሰው ከሁሉ የቀረበው ምክንያት፣ ግድቡ ቢበዛም በየሰፈሩ ያለው ትራንስፎርመርና ሽቦ አለመብዛቱ ነው። በአንድ ትራንስፎርመር ላይ 200 ቤቶች ተያይዘው እያንዳንዳቸው አምስት ባለ 60 ዋት አምፑል ቢያበሩ 60 ኪሎ ዋት ይሆናል። ሁሉም በኤል ኢ ዲ ቢለውጡ 9 ኪሎ ዋት ብቻ ነው። የተረፈው 51 ኪሎ ዋት አሥራ አራት የእንጀራ ምጣዶችን በአንድ ጊዜ ማስጋል ይችላል። ማታ ማታ በሰፈራችን መብራቱ ሲደበዝዝ ጥፋቱን ሁሉ በግድቡ ላይ ከማላከካችን በፊት በየጣራችን የተንጠለጠለውን እንቁጠር።

ስለ ቆጣቢው አምፑልና ስለ ቱቦው ሜርኩሪም አንድ ቃል መናገር ይገባል። በአንዱ ውስጥ ያለው ጥቂት ሚሊ ግራም ብቻ ነው፤ ያስፈራል ባይባልም መርዝ ነው። ቢሰበር መስኮት መክፈት፣ ልጆችን ማራቅ፣ ስብርባሪውን በእጅ ሳይነኩ በወፍራም ወረቀት ማንሣት፣ በመያዣ አሽጎ ማስወገድ ይገባል። ስለ ሜርኩሪ የተደረገው የሚናማታ ስምምነት አባል አገሮች ቆጣቢውን አምፑል እ.ኤ.አ. እስከ 2025፣ ረዥሙን ቱቦ ደግሞ እስከ 2027 ማምረትና ንግዱን እንዲያቆሙ ወስነዋል። ስለዚህ የመሥሪያ ቤቱን ቱቦ ወደፊት በምን እንደምንተካ ከአሁኑ ማሰብ ጥሩ ነው።

በመጨረሻም በተለይ በመንግሥት ሥራ ላይ ላላችሁት፣ ይልቁንም በግዥ፣ በንብረትና በበጀት ክፍል ለምታገለግሉት፣ አንድ ነገር ላሳስብ። በየመሥሪያ ቤቱ አምፑል የሚገዛው ዝቅተኛ ዋጋ ካቀረበው ነጋዴ ነው። ሕጉ ዋጋ እንዲወዳደር ያዝዛል፤ ማዘዙም ትክክል ነው። ነገር ግን በጨረታው ሰነድ ላይ «አምፑል፣ ብዛት 200» ብቻ ተብሎ ከተጻፈ፣ የሚያሸንፈው በስድስት ወር የሚቃጠለው መሆኑ የታወቀ ነው። በዚያው መስመር ላይ ሉመኑ ስንት፣ ዋቱ ከስንት የማይበልጥ፣ ዕድሜው ከስንት ሰዓት የማያንስ፣ የዋስትናው ጊዜ ስንት ዓመት እንደ ሆነ ቢጨመር ግን ውድድሩ በእኩዮች መካከል ይሆናል። የኢነርጂ አዋጅ ቁጥር 810/2006 የኢነርጂ ቁጠባን የአገር ሕግ አድርጎታል፤ በሥራ ላይ የሚውለው ግን እንዲህ ባለች በአንዲት መስመር ጽሕፈት ነው። ማታ ቢሮ ሲዘጋ ማብሪያውን ማጥፋትማ አዋጅ አያሻውም።

ለራሱ ቤት የሚገዛም ሰው ይህንኑ ያድርግ። በካርቶኑ ላይ ሉመኑን ይፈልግ፤ ካልተጻፈበት ይጠርጥር። «15 ዋት» ተብሎ የተጻፈበት ሁሉ 15 ዋት እንደማይሆን፣ ክብደቱ እንደ ላባ የሚቀልለውም ሙቀቱን የሚያወጣበት ብረት እንደሌለው ይወቅ። በሱቁ ውስጥ አብርቶ ይመልከት፤ ብርሃኑ የሚርገበገብ ከሆነ ይተወው። ለመኝታና ለማረፊያ ክፍል ወደ ቢጫ ያዘነበለውን፣ ለጽሕፈትና ለንባብ ነጩን ቢመርጥ ለዓይኑ ይስማማዋል። ደረሰኝ ይቀበል፤ በዋስትናው ጊዜ ውስጥ ከተቃጠለም ይመልሰው።

ክቡራን አድማጮች፤ ከኩራዝ እስከ ኤል ኢ ዲ የተደረገው ጉዞ የሰው ልጅ ከጥቂት ኃይል ብዙ ብርሃን ማውጣት የተማረበት ጉዞ ነው። እኛም በየድርሻችን የተማርነውን በሥራ ብናውል፣ በቤታችን ገንዘብ፣ በሰፈራችን ጉልበት፣ በወንዞቻችንም ላይ ውሃ እናተርፋለን።